ማን ቀረ? ተራ፣ ቀጠሮና የጋራ ዓላማ

በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በ12 ወይም በ21፣ የጽዋ ማኅበርተኞች በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ጸሎት ይደረሳል፣ የዕለቱ ድርሳን ወይም ተአምር ይነበባል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፤ ሲያበቃ ጽዋው ለመጪው ወር ተረኛ ይተላለፋል። አዲስ ነገር የሚነገርበት ጉባኤ አይደለም። የሚነበበውን ሁሉም ሲሰማው ኖሯል፤ ብዙዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ እንኳ አይለውጡም። ሆኖም እንዲህ ያለው ማኅበር ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይታያል፤ በታላቅ ስብሰባና በመፈክር የተመሠረተ ክበብ ደግሞ መሥራቾቹ ገና በሕይወት እያሉ ይፈርሳል።

ለዚህ ልዩነት ሦስት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ቆይቷል። አንደኛው ሰውን የሚያቆየው እምነቱ ነው፣ ሥርዓቱ የእምነቱ ልብስ ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛው አብሮ ማድረጉ ራሱ ስሜትንና እምነትን ይፈጥራል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቁጥጥር ነው፤ ሰው የሚመጣው ቢቀር የሚደርስበትን ስለሚያውቅ ነው ይላል። ይህ ጽሑፍ ሦስቱንም ከነማስረጃቸው ይቃኛል። ማስረጃው ተደምሮ ግን ጸሐፊውን ወደ አንድ ትንሽ ጉዳይ ይመልሰዋል፤ ይኸውም የቀረ ሰው መታወቁ፣ መጠየቁና የጠያቂው ማንነት ነው። (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልማድ፣ ወግ፣ ሥርዓት

ስለ ጉዳዩ የተጻፈው ብዙው ነገር የሚምታታው ገና ከስያሜው ነው። በአማርኛ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። ቡናን እንውሰድ። ጠዋት ብቻውን ቡና የሚጠጣ ሰው ልማድ አለው። ጎረቤት ተጠርቶ «ቡና ጠጡ» ሲባል ወግ ይሆናል። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በየተራ ሲወርድ ደግሞ ሥርዓት ነው፤ ከበረካው በፊት መነሣት የማይወደደውም ለዚህ ነው። ባቄላው ያው ነው፤ የተለየው ጉድለት የሚያስከትለው ነገር ነው። ልማዱን ያጓደለ ራሱን ያመዋል፤ ወጉን ያጓደለ ይታማል፤ ሥርዓቱን ያጓደለ ይጠየቃል።

ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩ የሚሸጡት የስኬት መጻሕፍት ስለ መጀመሪያው ብቻ ያወራሉ፤ በጠዋት ተነሣ፣ ሩጥ፣ ዕቅድህን ጻፍ ይላሉ። ክፋት የለውም፤ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሰውን ከሰው ጋር በአንድ ዓላማ የሚያቆየው ሁለተኛውና ሦስተኛው ስለሆነ ከዚህ በኋላ የምንናገረው ስለ እነሱ ነው።

ከሰንበት ክርክር እስከ ዱርካይም

ሥርዓት ከዓላማው ሊለይ ይችላል የሚለው ሥጋት ጥንታዊ ነው። የትንቢተ ኢሳይያስ 58ኛ ምዕራፍ ጾሙን እየጠበቀ ሠራተኛውን የሚያስጨንቀውን ሕዝብ ይገሥጻል። በአገራችንም የፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ (የጸሐፊው ማንነት እስከ ዛሬ ያከራክራል) የጾምን ሕግ ከሰው ተፈጥሮ አንጻር ይሞግታል።

ነገር ግን የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ክርክር አለው። በ14ኛው መቶ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ቅዳሜ እንደ እሑድ ይከበር ብለው ጸኑ። ከእስክንድርያ የሚመጡት ጳጳሳት ይህን አልተቀበሉም፤ ኤዎስጣቴዎሳውያን ተገለሉ፤ በሰሜኑ አገር የራሳቸውን ገዳማት አቆሙ። ጠቡ ስለ ምሥጢረ ሥላሴ አልነበረም፤ በሳምንት ውስጥ እጅ ከሥራ የሚያርፍበትን ቀን የሚመለከት ነበር። ቀኑ ግን ማን ከማን ጋር እንደሆነ ይናገር ነበር፤ ስለዚህ መቶ ዓመት ያህል አከራከረ። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አድርጎ ቋጨው። 33ቱ የማርያም በዓላት የተደነገጉትም በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገር ሰፊ አገር በአንድ የቀን መቁጠሪያ ሊገጣጠም እንደሚችል ንጉሡ የተረዳ ይመስላል። ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት እስጢፋኖሳውያን ግን በእጁ ብርቱ ስቃይ ተቀብለዋል። ተደጋጋሚ ሥርዓት ማኅተም ብቻ ሳይሆን ወንፊትም መሆኑን የአገራችን ታሪክ ቀድሞ አሳይቷል ማለት ነው።

የአውሮፓ ምሁራን ጉዳዩን በሌላ በኩል ጀመሩት። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ሮበርትሰን ስሚዝ በ1889 ባሳተመው ስለ ሴማውያን ሃይማኖት ባስተማረበት መጽሐፉ፣ በጥንታዊ ሃይማኖቶች ዘንድ ሥርዓቱ ቋሚ፣ ትርጓሜው ግን ተለዋዋጭ እንደነበረ ተከራከረ። አንዱን መሥዋዕት ሁሉም በአንድ መንገድ ያቀርቡታል፤ ለምን እንደሚያቀርቡት ሲጠየቁ ግን ሁሉም የየራሱን ይናገራል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርካይም በ1912 ከዚህ ተነሥቶ የአውስትራሊያን ነባር ሕዝቦች ሥርዓት መረመረ። ሰዎች ተሰብስበው ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ አንድ የጋራ ግለት ይወርዳቸዋል፤ ከራሳቸው በላይ የሆነ ኃይል መስሎ የሚሰማቸው የማኅበረሰቡ ኃይል ነው፤ ግለቱ ስለሚበርድም ደጋግመው መሰብሰብ አለባቸው። ዱርካይም አውስትራሊያን አልረገጠም፤ የተጠቀመው የሌሎችን ዘገባ ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1965 ንድፈ ሐሳቡን የነቀፈውም ከዚህ የጠለቀ ምክንያት ይዞ ነው፤ ሥርዓቱን እየፈጸመ ምንም የማይሞቀው ሰው ሞልቶ ሳለ ሃይማኖትን በሕዝብ ግለት ማስረዳት አይቻልም አለ። ለእኛ ጥያቄ ይህ ነቀፋ ከባድ ነው። በማኅበር ጠላ ላይ የሚታየው ግለት አይደለም፤ ጨዋታ፣ የልጅ ለቅሶ፣ ከጥግ የሚሰማ ማዛጋት ነው።

የሚያሰለች ነገር ጥቅም

ማዛጋቱን እንደ ቁም ነገር የያዘው አንትሮፖሎጂስቱ ሃርቪ ዋይትሃውስ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ፖምዮ ኪቩንግ በሚባል እንቅስቃሴ ውስጥ ኖሮ አጠና። ተከታዮቹ የተወሰኑ ሕጎችን እየደጋገሙ ይሰብካሉ፣ ለአያቶቻቸው መናፍስት ምግብ ያቀርባሉ፣ ስብሰባ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም በፕሮግራም ነው። እንቅስቃሴው ሰፊ አካባቢን አንድ አድርጎ ይዞ ነበር፤ አባላቱን ግን አሰልችቷቸዋል። ዳዱል በምትባል መንደር አንድ ቡድን ተገንጥሎ አያቶቻችን አሁኑኑ ይመጣሉ ብሎ በድግስና በሌሊት ሙሉ ትግሃት ተቃጠለ። አያቶቹ አልመጡም። ቡድኑም ወደ ቀድሞው አሰልቺ ሥርዓት ተመለሰ።

ዋይትሃውስ ከዚህ ሁለት መንገድ ለየ። ዘወትር የሚደጋገምና ለዘብ ያለ ሥርዓት ትምህርትን በአእምሮ ያሰርጻል፤ ሰውም አይቶት የማያውቀውን ሰው የኔ ወገን እንዲል ያደርጋል። አልፎ አልፎ የሚመጣ ከባድና አስጨናቂ ሥርዓት ደግሞ አብረው ያለፉትን ጥቂቶች እንደ ወንድማማች ያጣብቃል። በ2011 ከኩዌንቲን አትኪንሰን ጋር ከ74 ባህሎች የተወሰዱ 645 ሥርዓቶችን ሲያነጻጽሩ፣ በተደጋገመ ቁጥር ሥቃዩ እንደሚቀንስ አገኙ። አምስት ወቅት ሰላትም ሆነ የረቡዕና የዓርብ ጾም ከመጀመሪያው መንገድ ይመደባሉ፤ ከሐረር ተነሥቶ ደሴ የገባ ሙስሊም፣ ከጎንደር ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ ክርስቲያን በማያውቀው ሰው መካከል ሰዓቱንና ቀኑን ያውቃል። ክፍፍሉ ግን ሁሉን አይሸፍንም። ጥምቀት በዓመት አንዴ የሚመጣ ሆኖ ሳለ ደስታ እንጂ ሥቃይ የለበትም፤ የሚያስተሳስረውም ጥቂቶችን ሳይሆን ከተማ ሙሉ ሕዝብ ነው።

ከመስክ ወደ ቤተ ሙከራ የሄዱም አሉ። በ2009 ስኮት ዊልተርሙትና ቺፕ ሂዝ እርምጃቸውን አስተካክለው አብረው የተራመዱ ተማሪዎች እንዲሁ ከተራመዱት ይልቅ በኋላ በተደረገ የገንዘብ ጨዋታ እንደተባበሩ ዘገቡ። ወረብ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ዳሩ ግን ሙከራውን በልዩ ልዩ መልክ የደገሙት ሰዎች ውጤት አንዴ ጠንካራ፣ አንዴ ደካማ ሆኗል፤ ከዚያም በላይ ለጥቂት ደቂቃ የተገናኙ እንግዶች ሠላሳ ዓመት ጽዋ ለተቀባበሉ ሰዎች ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ማስረጃ የአንትሮፖሎጂስቱ የሪቻርድ ሶሲስ ሥራ ይመስላል። ሶሲስና ኤሪክ ብረስለር በ2003 በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ የተቋቋሙ 83 የጋራ ኑሮ መንደሮችን አነጻጸሩ። በሃይማኖታዊዎቹ ዘንድ ከአባላት የሚጠየቀው የምግብ፣ የልብስና የመሳሰለው ግዴታ በበዛ ቁጥር መንደሩ ረዥም ዕድሜ አገኘ። በዓለማዊዎቹ ግን ግዴታው ቢበዛም ዕድሜ አልጨመረም። ሸክም ብቻውን አያቆይም ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ሶሲስና ብራድሊ ራፍል ኪቡጽ በሚባሉት የእስራኤል የጋራ ኑሮ መንደሮች ውስጥ ማንነታቸውን የማይተዋወቁ ሁለት አባላት ከአንድ የጋራ ገንዘብ የፈለጉትን እንዲወስዱ አደረጉ። በሃይማኖታዊ ኪቡጾች ምኩራብ አዘውትረው የሚሄዱ ወንዶች ከሁሉ ይልቅ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በሴቶቹ ዘንድ ግን ምኩራብ መሄድ እንዲህ ያለ ልዩነት አላመጣም። አጥኚዎቹ እንዳሉት በዚያ ሥርዓት የጋራ ጸሎት ግዴታ የተጣለው በወንዶች ላይ ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት፦ ለጋራ ጸሎቱ አሥር ወንድ ያስፈልጋል። ዘጠኝ ሆነው ሲጠብቁ አሥረኛው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ለመግባት ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ፤ አንድ ዲያቆን ከቀረ ቤቱ ድረስ ይላካል። ምእመኑን ግን ማንም አይቆጥረውም። እርግጥ ከኪቡጹ ጥናት ያልተፈታ አንድ ነገር ይቀራል፦ ምኩራቡ ነው ቁጥብ ያደረጋቸው፣ ወይስ ቁጥቦቹ ናቸው ምኩራብ የሚያዘወትሩት?

ለይምሰልና ይሉኝታ

«ለይምሰል ነው የመጣው» የሚለው አባባል ስድብ ነው። አዳም ሴሊግማንና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት መጽሐፍ ግን ለይምሰል እንዲህ የሚናቅ ነገር እንዳልሆነ ተከራክረዋል። በእነሱ ዕይታ ሥርዓት ዓለሙን እንዳለ ሳይሆን ሊሆን እንደሚገባው አድርጎ ያሳያል። «እንደምን አደሩ» የሚል ሰው የጎረቤቱን እንቅልፍ ለማወቅ አይጠይቅም፤ የሚጠያየቁ ሰዎች የሚኖሩበትን ሰፈር ይሠራል እንጂ። ልብን ብቻ የሚፈልግ ዘመን ይህን ይንቃል፤ ልብ ግን በየቀኑ ይለዋወጣል፣ ሰላምታው ይቆያል።

የአማርኛው «ይሉኝታ» ይህን ክርክር ያወሳስበዋል። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ምን ይሉኛል ብሎ ከሆነ፣ ከኀዘንተኛው ጋር ተገናኝቷል ወይስ ከሐሜተኛው? አንትሮፖሎጂስቱ ሞሪስ ብሎክ በ1974 ባወጣው ጽሑፍ ሁለተኛውን የሚያጠናክር ሐሳብ አቅርቧል። የሥርዓት ቃል የተወሰነ ስለሆነ መልስ የሚሰጥበት መንገድ የለም፤ ከዘፈን ጋር መከራከር አይቻልም። ስለዚህ ሥርዓት የሥልጣን መሣሪያ ነው፤ የጋራ ዓላማ የሚባለውም የአለቃው ዓላማ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ከደርግ ዘመን የውይይት ክበብ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ቀን ተቆርጦለት ነበር፤ ስም ይጠራ ነበር፤ መቅረት ያስጠይቃል፣ በዚያን ጊዜም ከመጠየቅ አልፎ ያስፈራል። የሚደጋገም ሁሉ የሚያስተሳስር ቢሆን ኖሮ አገሩ በሙሉ እስከ ዛሬ ማርክሳዊ በሆነ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ክበቡም አብሮት ጠፋ፤ በዚያው ሰፈር ያለው እድር ግን ቀጠለ። ይህ የመቅረት መታወቅ ነው ወሳኙ የሚለውን የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ በቀጥታ ይፈትናል። በእኔ ግምት ልዩነቱ የተራ ነገር ነው። በክበቡ ጠያቂው ምንጊዜም ጠያቂ፣ ተጠያቂው ምንጊዜም ተጠያቂ ነበር። በጽዋና በእድር ግን ዛሬ የቀረውን የሚጠይቀው ሰው ነገ በራሱ ቤት ሰው ይጠብቃል።

እድር፦ መድን ወይስ ወገን?

እድር የመጣው ከየት ነው? አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለማርያም በ2000 ነገሩን ሲገመግሙ ሁለት አቋም ነበር። አንዱ እድር የ20ኛው መቶ ዘመን የከተማ ልጅ ነው፣ በተለይ ወደ አዲስ አበባ የገቡ የጉራጌ ተወላጆች ሥራ ነው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜና ከዚያ በኋላም ተስፋፋ ይላል። ሌላው ሥሩ በገጠር ሙት ለመቅበር ከሚደረገው መረዳዳት እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱ የሚጋጩ አይመስለኝም። ተባብሮ መቅበር ጥንታዊ ነው፤ መዝገቡ፣ ወርኃዊ መዋጮውና የቅጣቱ ደንብ ግን የጎረቤቱን ዘር የማያውቅ ከተሜ የፈጠራቸው ናቸው። ዘመድ ያለው መዝገብ አያስፈልገውም።

ዶናልድ ሌቪን በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» የአማራው ማኅበራዊ ኑሮ ግለኝነት የሚያይልበት እንደሆነ ጽፎ ነበር። እድርን ያጠኑት በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ያገኙት ሌላ መልክ ነው። ስቴፋን ዴርኮንና አሉላ ፓንክረስት ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 በኢትዮጵያና በታንዛንያ ገጠሮች የቀብር ማኅበራትን አነጻጽረዋል። በኢትዮጵያ በኩል ያዩት የጽሑፍ ደንብ፣ የአባላት ዝርዝር፣ አስቀድሞ የሚሰበሰብ መዋጮ፣ የተወሰነ ክፍያና ቅጣት ነው። ከቀብርም አልፈው ለበሽታና ለቃጠሎ የሚያበድሩ እድሮች አሉ። ለኢኮኖሚ ሰው ይህ በደንብ የተሠራ መድን ነው።

መድን ብቻ ከሆነ ግን ለምን ይመጣሉ? ገንዘቡ በጸሐፊው በኩል ሊደርስ ይችላል። ደንቡ ግን ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያመጣ፣ ከኀዘንተኛው ጋር የሚያድር ሰው ይፈልጋል፤ የሴቶቹም እድር እንጀራውንና ወጡን በየተራ ያዛል። ከዚህ ላይ ሁለቱ ወገኖች ይለያያሉ። አንዱ መገኘት የመድኑ ጠባቂ ነው፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሰዎች አይታለሉም ይላል። ሌላው መድኑ የመገኘት ሰበብ ነው ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ምክንያቴም የኤች አይ ቪ ዘመን ነው። ሞት ሲበዛ የእድሮች ካዝና ተራቆተ፤ ለሞተ ብቻ ለምን፣ ለታመመስ የሚል ክርክር ተነሣ። ብዙዎች ዓላማቸውን አሰፉ፤ የታመመ መጠየቅ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ገባበት። ይህን ለማድረግ አዲስ ድርጅት አላስፈለጋቸውም፤ የስብሰባው ቀን፣ መዝገቡና ገንዘብ ያዡ ነበሩ። ቋሚው ቀጠሮ ዓላማን ያቆየው እንዳይለወጥ በመጠበቅ ሳይሆን የሚከራከሩበት ቦታ በማዘጋጀት ነው። ብሎክ ከዘፈን ጋር አይከራከሩም ያለው ለእድር ስብሰባ አይሠራም፤ እድርተኛ ይከራከራል፣ አንዳንዴ እስኪመሽ።

ሕጉም እድርን በራሱ መንገድ ለይቶታል። የሲቪል ማኅበራት አዋጆች፣ ቁጥር 621/2001 ዓ.ም.ም ሆነ የተካው 1113/2011 ዓ.ም.፣ እድርና እቁብን ከአፈጻጸማቸው ውጭ አድርገዋል። ከመንግሥት መዝገብ ነጻ መሆን ለአንዳንዱ ጸጋ ነው፤ የእድር ገንዘብ ተበላ የሚል ክስ ሲነሣ ደግሞ ማን ይዳኝ የሚል ጣጣ ያመጣል።

ቅጣት ወይስ ዋጋ?

አሁን ያለው ክርክር የሚያተኩረው በመገኘት ምትክ ገንዘብ ይበቃል ወይ በሚለው ላይ ነው። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ በ2000 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ብዙ ይናገራል። በሃይፋ ከተማ ከአሥር የሕፃናት ማቆያዎች በስድስቱ ልጃቸውን ዘግይተው በሚወስዱ ወላጆች ላይ ትንሽ ቅጣት ተጣለ። የሚዘገዩት ወላጆች በዙ። ቅጣቱ ሲነሣም ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። ቅጣቱ ዋጋ ሆነ፤ አስተማሪዋን ማስቸገር የሚያሳፍር መሆኑ ቀርቶ የሚገዛ አገልግሎት ሆነ። በእድርም ቅጣቱ በብር ሲጻፍና ብሩ ሲረክስ ያው ይደርሳል፤ ከአሥር ዓመት በፊት ያሳምም የነበረ ቅጣት ዛሬ የታክሲ ዋጋ ይሆናል። ሥራ የሚበዛበት አባል ከፍሎ ይቀራል፤ ሒሳቡም ንጹሕ ነው። ጸሐፊው ምልክት ያደርግለታል፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

መገኘት ጨርሶ ሲከለከልስ? መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መዋጮ በባንክ ሊገባ ይችል ነበር፤ ድንኳን ግን አይተከልም። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን እድሮች ይህን ከቀደም ጀምረው ያውቁታል። በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች አስከሬን ወደ አገር ቤት የመላኩ ወጪ ከባድ ስለሆነ መድኑ ከባድ፣ መገኘቱ ቀላል ነው፤ አባላቱ በብዙ ማይል ተራርቀው ይኖራሉ፤ ለቅሶው በሳምንት መጨረሻ ይሆናል። ይህ እድር ነው ወይስ እድር የሚባል መድን? መልሱ በስሙ አይገኝም። አንድ አባል ሦስት ለቅሶ በተከታታይ ሲቀር ስልክ የሚደውልለት መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

ሌላው ያልተፈታ ጉዳይ ዓላማው የተፈጸመለት ሥርዓት ነው። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ከዮም ኪፑር ሃምሳ ቀን በኋላ ስግድን ያከብሩ ነበር። ጾመው ተራራ ይወጣሉ፤ ብዙዎች በትከሻቸው ወይም በራሳቸው ድንጋይ ይሸከማሉ፤ ቄሶቹ ከኦሪቱ ያነብባሉ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይጸለያል። አሁን በዓሉ በኢየሩሳሌም ይከበራል፤ የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። የሚጸለይበት ቦታ ከተደረሰበት በኋላ ጸሎቱ ምን ይለምናል? ቄሶች ቤተ መቅደሱ ገና አልተሠራም ይላሉ፤ ከወጣቶቹ ብዙዎች ደግሞ በዓሉን የማንነታቸው ቀን አድርገው ይይዙታል። በመንደሩ ተራራ ላይ ማን እንደወጣና ማን እንደቀረ ሳይቆጠር ይታወቅ ነበር። በዓሉ በኢየሩሳሌም ወደሚከበርበት ወደ አርሞን ሃናጺቭ ግን ከመላው አገር በአውቶቡስ ይመጣል፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የጎደለውን የሚያውቅ አብሮት በአንድ አውቶቡስ የሚመጣው ሰው ብቻ ነው።